ነቅለው የት ይተክሉታል?

የላስቲክ ፋሻ ሽታ ታውቂያለሽ? አዲሱን ማለቴ ነው፣ ከፕላስቲኩ ገና ሲወጣ ያለውን። ጎማ ጎማ ይላል፣ ደግሞ የሕፃን ፓውደር የመሰለ ነገር አለው። እኔ ሆሳዕና በምሠራበት መድኃኒት ቤት ፋሻ ስሸጥ አብዛኛውን ጊዜ እንደታሸገ ነው የምሰጠው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሹፌር ጉልበቱን የሚያስርበት ፈልጎ መጣና "ከፍተሽ ስፋቱን አሳዪኝ" ሲለኝ ቀደድኩለት። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሰውየው ፊቴ መቆሙን ረሳሁት። "እህት፣ ደህና ነሽ?" እስኪለኝ ድረስ ፋሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ደህና ነበርኩ። የእናቴ እግር ትዝ ብሎኝ ነው።

እናቴ ቀኝ እግሯ ላይ ደም ሥሮቿ ወጥተው ነበር። ወጥተው ስልሽ ቆዳ ውስጥ የሚታይ ሰማያዊ መስመር እንዳይመስልሽ። ጣት የሚያህል፣ የተጠማዘዘ፣ እዚህም እዚያም የተቋጠረ ነገር ነበር፤ ከቁርጭምጭሚቷ ተነስቶ ባቷን ይዞርና ከጉልበቷ በላይ ይጠፋል። ሐኪሞቹ ቫሪኮስ ቬይን ይሉታል። እኛ ቤት ስም አልነበረውም። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከጉልበቷ ጀርባ ያለውን ትልቁን ቋጠሮ ዳምቦያ፣ ባቷ ላይ ያለውን ደግሞ አዲሎ አልኩት፤ የማውቃቸው ከተሞች እነሱ ብቻ ነበሩ። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች። በኋላ ራሷ ለመደችውና "ዛሬ ደግሞ አዲሎ አላስቀምጥ አለኝ" ማለት ጀመረች።

ጠያቂ ልጅ ነበርኩ። አሁንም እንደዚያው ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። እናቴ ከሥራ መልስ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ አጠገቧ ተንበርክኬ አንዱን ቋጠሮ በጣቴ እጫነዋለሁ። ሲጫኑት ይሟሽሽና ይጠፋል። ጣቴን ሳነሳ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይሞላል። የሚሞላው ከታች ነው ከላይ? ይህን ለማወቅ ሁለት ጣት መጠቀም ጀመርኩ፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጌ ተራ በተራ አነሳለሁ። ሁልጊዜ የሚሞላው የላይኛውን ሳነሳ ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ ከእግር የሚነሳው ደም ወደ ልብ ነው የሚወጣው ብለው አስተምረውናል። "እማ፣ ያንቺ ደም ወደ ኋላ ነው የሚሄደው" ብዬ ብነግራት "እጅሽን ሰብስቢና ሄደሽ ውሃ ቅጂ" አለችኝ።

ያ እግር ተራ እግር እንዳይመስልሽ። እንሰት ሲፋቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሴትየዋ መሬት ላይ ቅጠል አንጥፋ ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ ዘንበል ብሎ የቆመ ጣውላ አለ። ከግንዱ የተላጠው ወፍራም ሽፋን ጣውላው ላይ ይደረጋል፤ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ደግሞ የሴትየዋ እግር ነው። አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ጫፉን በተረከዟ ጣውላው ላይ ረግጣ ይዛ፣ በሁለት እጇ መፋቂያውን ወደ ታች ትስበዋለች። የእናቴ የሚረግጠው እግር ቀኙ ነበር። የምንበላው ቆጮ የሚመጣው ከዚያ እግር ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

ወንድ እዚያ ቦታ አይቀርብም። አባቴ ሙዱላ በኩል አስተማሪ ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፣ ቢኖርም አይፍቅም። ሁለቱ ወንድሞቼም እንደዚያው። ከእናቴ ቀጥሎ ለጣውላው የደረሰች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ የተከሰተው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ በተመደብኩበት ዓመት ነው። ምደባዬ ሩቅ ነበር፣ ወደ ሰሜን። ከሰፈራችን ሴት ልጅ ያን ያህል ርቃ ስትሄድ እኔ የመጀመሪያዋ ነበርኩ፤ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ "እዚያ ብርድ ነው አሉ" ይለኛል። ሻንጣ ተገዝቶልኝ ነበር፣ ቡናማ፣ ጎማ ያለው። ወንድሞቼ በየቀኑ ግቢውን ያስዞሩታል። ለመግባት ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ እየፋቀች እኔ የተፋቀውን ወደሚቀበርበት ጉድጓድ እያጋዝኩ ነው። ከእንሰቱ የሚወርደው ውሃ ነጭ ነው፣ ሲዘቅጥ ቡላ የሚሆነው እሱ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ነጩ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ቀና ስል ከእናቴ ቁርጭምጭሚት በላይ፣ ቆዳዋ ሳስቶ ከጠቆረበት ቦታ ደም በቀጭኑ ይተፋል። እሷ አላወቀችም። ምንም አላመማትም ነበር። "ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?" አለችኝ።

በሻሼ ጠቀለልኩት፤ ሻሹ ወዲያው ራሰ። ደግፌ አቁሜ ወደ ቤት ልወስዳት ስል ይባስ ብሎ ጎረፈ። ጩኸቴን የሰማች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከመንገድ ሮጣ መጣች። በዕድሜ ከእናቴ በብዙ ታንሳለች፣ ግን "ተኚ" ብላ ትከሻዋን ይዛ ጭቃው ላይ አጋደመቻትና እግሯን አንስታ የራሷ ትከሻ ላይ አሳረፈችው። በጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችው። ቆመ። ያ ሁሉ ደም እግሯ ከፍ ስላለና በጣት ስለተጫኑት ብቻ ቆመ። እኔ እናቴን በማቆም እያባባስኩት እንደነበር ሲገባኝ አፈርኩ፤ ከማፈሬ ጋር ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ልጅቷ ግን ለጥያቄዬ ጊዜ አልነበራትም። "ይሄ ካልታከመ ይደገማል፤ ሆሳዕና ቀዶ ሐኪም አለ፤ እስከዚያ ጣውላው ጋ እንዳትደርሽ" ብላ ሄደች።

በዚያው ቀን አባቴ ደወለ። ስለ እናቴ ከጠየቀ በኋላ "እንግዲህ ዘንድሮ ብትቀሪስ? ማስረጃ ወስደሽ በሚቀጥለው ዓመት ትገቢያለሽ። ማን ይፍቃል?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም አባቴ። ድምፁም ልመና ነበር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ እንሰቱ መሃል ገብቼ አለቀስኩ። ራስ ወዳድ ነሽ በይኝ፤ ያለቀስኩት ለእናቴ ደም አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት የሚባለው ነገር እንደማይመጣ አውቄ ነው። ከኔ በፊት ማትሪክ ያለፈች የጎረቤት ልጅ ለአንድ ዓመት ብላ ቀርታ ሦስት ልጅ ወልዳለች።

ስለዚህ ወደ ሆሳዕና ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የእናቴን የታሰረ እግር ጭኔ ላይ አስቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ እግር በቶሎ ከዳነ እሄዳለሁ፣ ካልዳነ እቀራለሁ።

እናቴ አማርኛ አትናገርም። ገበያዋ ዳምቦያ ነው፣ የምትሸጠውም የምትገዛውም በከምባትኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ መዝሙር ሲዘመር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ አታወጣም። አማርኛ ብቻ የሚችል እንግዳ ቤት ሲመጣ በአገጯ ወደኔ ትጠቁማለች። ሆስፒታልም እንደዚያው ሆነ፤ እኔ ተርጓሚ፣ እሷ ታካሚ።

ቀዶ ሐኪሙ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ አማርኛውን እንደ ሬዲዮ የሚያፈጥን። እናቴን አግዳሚ ወንበር ላይ አቆማትና እግሯን በጣቱ መጫን ጀመረ። አንዱን ቋጠሮ ተጭኖ ከላይ በሌላ ጣት ያዘ። እኔ ስሠራው የኖርኩትን ነው የሚሠራው። አላስቻለኝም። "ከላይ ነው የሚሞላው" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። "ማን ነገረሽ?"

"ሞክሬው ነው።"

ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ለእናቴ ሳይሆን ለኔ ማስረዳት ጀመረ። ደም ሥር ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ አለኝ። ደሙ ወደ ልብ ሲወጣ ይከፈታሉ፣ እንዳይመለስ ደግሞ ይዘጋሉ። የእናትሽ በሮች ላልተዋል፣ ደሙ ተመልሶ እየወረደ እግሯ ላይ ይጠራቀማል። አልትራሳውንዱን አብርቶ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ የደሙን ድምፅ አሰማን፤ ሽው፣ ሽው ይላል። እናቴ ድምፁን ጆሮዋን ሰጥታ ስትሰማ ቆየችና "ይሄ እኔ ነኝ?" አለች። እሷን እንደዚያ ተገርማ አይቻት አላውቅም። ለአፍታ የመጣንበትን ጉዳይ ረስተን ሁለታችንም ደስ አለን።

ቀጥሎ ሐኪሙ "ደም ሥሩን ነቅለን እናወጣዋለን" አለ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በከምባትኛ ደም ሥር ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ትልልቆቹ ያውቁታል፣ እኔ ግን በቤት ቋንቋ ስለ ሰውነት ውስጥ አውርቼ አላውቅም። "ሥር" የሚለውን ያዝኩና የእንሰት ሥር በምንልበት ቃል ተረጎምኩት። "ነቅለን" የሚለውንም አባቴ ችግኝ ሲነቅል በምንልበት። እኛ ጋ ደግሞ እንሰት የሚነቀለው ለመፋቅ ብቻ አይደለም። ችግኙ ከበቀለበት ይነቀልና ሌላ ቦታ ይተከላል፤ ጠንከር ሲል እንደገና ይነቀልና ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቦታ ሳይቀይር ለጣውላ የሚደርስ የለም።

እናቴ አሰበችበት። ከዚያ ኮስተር ብላ "ነቅለው የት ይተክሉታል?" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ግን "ምን አለች? ምን አለች?" ሲለኝ ነገርኩት። መሳቅ ጀመረና አቋረጠው። ወንበሩን ስቦ እናቴ ፊት ተቀመጠ። "ጥያቄዋ ትክክል ነው" አለኝ። "ይተከላል። የልቡ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው ሲኖር ከእግሩ ላይ ጤነኛ ደም ሥር ነቅለው ልቡ ላይ ይተክሉለታል። ደሙ በዚያ ያልፋል። ትላልቅ ሆስፒታሎች ይሠሩታል።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። የእግር ሥር ልብ ላይ። ይበቅላል? ይይዛል? ስንት ዓመት ይቆያል? ለእናቴ መተርጎሙን ረስቼ ጥያቄዬን ስደረድርበት እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ነገርኳት። እሷም በሙሉ ልቧ "የኔንስ ለማን ሊተክሉት ነው?" አለች።

"የሷ አይሆንም፣ ተበላሽቷል" አለ ሐኪሙ።

ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። በሽታ የያዘውን እንሰት ማንም አይተክለውም፣ ቆፍሮ ይቀብረዋል አለች። ይህን ተርጉሜለት ሐኪሙ ሳቀና እጇን ጨበጣት። ሁላችንም ተዝናናን። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

ሐኪሙ ወረቀት አወጣ። ፊቱ ተለወጠ፣ አነጋገሩንም ቀስ አደረገ። "ይህን በደንብ ንገሪያት" አለኝ። "ኦፕሬሽን ነው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነስቶ ሳንባ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ከደረሰ ግን ሰው ይሞታል። ይህን ሰምታ ከተስማማች ትፈርም።"

አፌን ከፈትኩ። እናቴ አፍ አፌን ታየኛለች። የምትፈራ ሴት ናት፤ መርፌ ትፈራለች፣ የመብራት ገመድ ትፈራለች። ሰው ይሞታል ካልኳት ተነስታ ትወጣለች ብዬ አሰብኩ። ትወጣና እግሯ እንደታሰረ ቤት ትቀመጣለች። ጣውላው ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ይህ ሁሉ በራሴ ውስጥ ያለፈው ምራቅ እስክውጥ ድረስ ብቻ ነው።

"ቁስሉ ትንሽ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ግን መድኃኒት አለው ይላል" አልኳት።

እናቴም "ሌላ ምንም አላለም?" አለችኝ።

"ሌላ ምንም አላለም።"

"እሺ በዪው" አለች። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አተመች። ጣቷን የጠረግኩላት እኔ ነኝ።

የኦፕሬሽኑ ቀን ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ እናቴን በድጋሚ አቆማትና በእስክሪብቶ የመሰለ ነገር ደም ሥሮቿን እየተከተለ እግሯ ላይ መስመር አሰመረ። ተኝታ ስለማይታዩ ቆማ እያለች ምልክት ማድረግ አለብኝ አለኝ። የሚገርም ነገር ነው፤ ስንት ዓመት በዓይኔ የተከተልኩት መንገድ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ወጣ። "ዳምቦያን እንዳይረሳው ንገሪው" አለች እናቴ። ነገርኩት። "ዳምቦያ ማነው?" አለ ግራ ገብቶት። ከጉልበቷ ጀርባ አሳየሁት፤ እሱም በቁም ነገር ከበበው። እናቴ እየሳቀች ነው በጋሪው የተገፋችው። በሩ ሲዘጋ የሳቋ ድምፅ አብሮ ተቆረጠ።

ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ልጄ፣ እንጸልይ?" አሉኝ። ከትንሽነቴ ጀምሮ ጸሎት ላይ ሰነፍ አልነበርኩም። ያን ቀን ግን "ጌታ ሆይ" ከሚለው ማለፍ አቃተኝ፤ ከጌታ ጋር ከተነጋገርኩ ለእናቴ ያልነገርኳትን ልነግረው ነው። እሳቸው ጸለዩ፣ እኔ አሜን አልኩ።

ኦፕሬሽኑ ሲያልቅ ሐኪሙ ራሱ ወጣና በጣቱ ጠራኝ። የብረት ሳህን ይዟል። "አንቺ ማየት ትፈልጊያለሽ ብዬ ነው" አለኝ። ፈራሁ፣ ግን አየሁ። ነጣ ያለ፣ ረጅም፣ የተልፈሰፈሰ ነገር ነው፤ የረጠበ ቃጫ ይመስላል። ከዚያ ሁሉ ማበጥና መቆጣት የቀረው ይሄ ነው? ብሽሽቷ አጠገብ ትንሽ ቀደን፣ ከጉልበቷ በታች ትንሽ ቀደን፣ በመሃሉ ሽቦ አሳልፈን፣ ጫፉን አስረን ሳብነው አለኝ። ቋጠሮዎቹን ለየብቻቸው ነው ያወጣናቸው። "ደሙ ታዲያ አሁን በየት ይሄዳል?" አልኩት። "በጥልቁ፣ በትልልቆቹ በኩል። ድሮም ዋናው መንገድ እሱ ነው" አለኝ። ይህን ሁሉ በጉጉት እየሰማሁ ሳለ ነበር "አሁን ዋናው ነገር መራመድ ነው፤ ደም እንዳይረጋ" ያለኝ። ጉጉቴ እዚያው ሞተ።

እናቴ ከወገብ በታች ደንዝዛ፣ እግሯ ከጣቷ እስከ ጭኗ በዚያ አዲስ የላስቲክ ፋሻ ተጠቅልሎ ወጣች። ክፍሉ በሙሉ ጎማ ጎማ ሸተተ። ጭኗን መታ መታ እያደረገች "እግሬን የት አደረሱት?" ትለኛለች። እኔ እግሯን አላየሁም። ደረቷን ነበር የማየው። ደረቷ ከፍ ሲል እጠብቃለሁ፣ ዝቅ ሲል እጠብቃለሁ።

መደንዘዙ እንደለቀቃት አስነሳኋት። እንደዚያ ጨካኝ ሆኜ አላውቅም። "ተነሺ፣ እንራመድ" እላታለሁ፤ ፊቷ በሕመም ሲጨማደድ እያየሁ ኮሪደሩን ጫፍ ድረስ አስኬዳታለሁ። ሌሎቹ አስታማሚዎች "እንዴ፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት? እናቷን አታሳርፋትም እንዴ?" ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳን ለምን አላለችኝም። ተነሺ ስላት ትነሳለች፣ ዙሪ ስላት ትዞራለች።

በሁለተኛው ቀን ሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ደጋግማ። ነርሷን እጇን ይዤ እየጎተትኩ አመጣኋት፤ "ሳንባዋ ነው፣ ሳንባዋ ነው" እያልኩ። ነርሷ አዳመጠቻት፣ ለካቻት፣ ሐኪሙንም ጠራችልኝ። ለካ እናቴ የእንሰት ቅጠል ከምታህል መሃረብ ውስጥ የበቆሎ እሸት ፈልቅቃ ስትቆረጥም አንዷ ፍሬ ትን ብላት ነው። ነርሷ ሳቀችብኝ። እናቴ አልሳቀችም። እጄን ያዘችና "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" አለችኝ። እጇ ሞቅ ያለ ነበር።

ዳነች። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ለአንድ ወር ተኩል መጥታ ጣውላውን ያዘች። አባቴ በስልክ "እንግዲያስ ሂጂ" አለኝ። ሻንጣዬን ይዤ በቀኔ ገባሁ። ከገባሁ በኋላም ስልኬ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የምለው "እማ ደህና ናት?" ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ ረጋ ደም የተጻፈውን ምዕራፍ ላይብረሪ ውስጥ ሳነብ ምን እንዳደረግኩ በደንብ ገባኝ፤ ወጥቼ መጸዳጃ ቤት አስታወኩ። ጓደኞቼ የበላችው ነገር ነው አሉ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴማ እንዴት ብዬ። እሷ እንደሆነ እግሯ ከዳነ በኋላ ለስንት ዓመት ፍቃለች፤ ገበያ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች፣ ለሰው ሁሉ ቀሚሷን ገልጣ "ልጄ ናት ያሳከመችኝ" ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር እኔ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ።

ያ ሹፌር ፋሻውን ይዞ ከሄደ በኋላ ሥራ አልሠራ አለኝ። ይህን ነገር ይዤ ልሞት አልችልም አልኩ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የባቄላ እሸት ትፈለፍላለች። አሁን የምትፍቀው የወንድሜ ሚስት ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ባሌ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ከዚያ ወሬ አለቀብኝና አወጣሁት። "እማ፣ ያኔ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አልነገርኩሽም" አልኳት።

እጇ ባቄላው ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ አማርኛ ተናገረች። እናቴ አማርኛ ስትናገር ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣ የወንዱን ከሴቱ እያምታታች፣ "ደም ትረጋለች። ሳንባ ላይ ትወጣለች። ሰው ትሞታለች። እንደዚህ አለ ዶክተር" አለች።

በከምባትኛ ቀጠለች። "መስማት እሰማለሁ። መናገር ነው የማፍረው። ሰው ይስቅብኛል።"

"ታዲያ 'ሌላ ምንም አላለም?' ብለሽ ጠየቅሽኝ" አልኳት።

"መሄዱን ምን ያህል እንደፈለግሽው ልይ ብዬ ነው።" አንድ ባቄላ አነሳች። "አየሁ።"

"አልፈራሽም?"

"ፈርቼ ነበር እንጂ። ያኔ ባልስቅ በዚያ በር መግባት የምችል መሰለሽ? በጣም ፈርቼ ነበር።"

"ታዲያ ሰምቻለሁ አትዪኝም ነበር? አንድ ቃል ብትዪኝ ምን ነበረበት?" አልኳት። ድምፄ ጮክ ብሎ ነበር፣ የተቆጣሁ እስክመስል ድረስ። የተቆጣሁትም በሷ አይደለም።

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። ጉዳዩ ግልጽ የሆነላት ሰው ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ፣ ቀስ ብላ፣ "ሰምቻለሁ ብልሽ ኖሮ ትቀሪ ነበር" አለችኝ።

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ብዙ ቆየሁ። እሷ አላባበለችኝም፤ የተወሰነ እሸት ከፊቷ አንስታ ጭኔ ላይ አደረገችልኝና መፈልፈሏን ቀጠለች።